ቤት እያለው መኪና ውስጥ ሊያድር

ወላጅ ለልጁ የሚመኘው ብዙ ነው። እኔ ብዙ አልተመኘሁም፤ ይማር፣ ሥራ ይያዝ፣ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ይደር፣ በቃ። ሦስቱንም አደረገልኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ፣ ምንነቱ እስካሁን ያልገባኝ፣ ደመወዙ ግን በደንብ የገባኝ ሥራ ያዘ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ ሦስት መኝታ ቤት በሞርጌጅ ገዛ። አሁን ያንን ቤት አከራይቶ መኪና ውስጥ ሊኖር ነው። ሊነዳ አላልኩም፤ ሊኖር። ሊተኛበት፣ ሽሮ ሊያሞቅበት፣ ሊታጠብበት። ዓመት፣ ካማረውም ሁለት ዓመት።

«ነጻነት ነው አባዬ» ይለኛል።

ይህን ነጻነትማ እኔ ጠግቤዋለሁ። በ1977 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቁ የአንድ እርዳታ ድርጅት ሾፌር ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ አላማጣ፣ ከአላማጣ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ይዤ ኮረም። ጣርማ በር ጉሙ ሲውጠኝ የራሴን ኮፈን ማየት አቅቶኝ ዳር ይዤ አድሬያለሁ። የት? ላንድክሩዘር ውስጥ ነዋ! ፍራሽ የለ፣ መጋረጃ የለ፤ ካምቢዮው ጎኔን እየወጋኝ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ እግሬን በየት በኩል እንደምዘረጋ ግራ እየገባኝ። ሲነጋ «ወገቤን» እላለሁ እንጂ አንድም ጠዋት «ነጻ ወጣሁ» ብዬ አላውቅም።

ከዚያ አሜሪካ መጣሁ። መጥቼስ? ታክሲ። ዋሽንግተን ታክሲ የነዳ የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ናሽናል ኤርፖርት ተራ እስኪደርስ ወንበር አጋድሞ፣ ጃኬት ፊት ላይ ጥሎ ማንጎላጀት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 የዞኑ ታሪፍ ቀርቶ ሜትር ገባ፤ ጥቂት ቆይቶ ኡበር መጣ፤ ተራው ሲረዝም እንቅልፉም አብሮ ረዘመ። ያ ሁሉ እንግልት ይህ ልጅ አልጋ ላይ እንዲተኛ ነበር። እሱ ግን አልጋውን ጥሎ የኔን የችግር ዘመን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ ሊገባበት ነው። ያውም በውድ ዋጋ!

የገዛውን ልንገራችሁ። ላንድክሩዘር ነው፤ እሱስ ደግ። 80 የሚባለው ሞዴል፣ የ1994 ሥሪት፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ ተርቦ ናፍጣ። እዚህ አገር በዚያ ዘመን የተሸጡት 80ዎች በሙሉ የቤንዚን ናቸው፤ ስለዚህ የኔው ልጅ ናፍጣ አማረው። ሰው እደጁ ያለውን መች ይወዳል። ከጃፓን አስመጣ፣ ባልቲሞር ወደብ ሄዶ ተቀበለ፣ መሪው በቀኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ሳልናገረው ብቀር ያመኛል። አሜሪካ የራሷን የደህንነት ደረጃ የማያሟላ መኪና አታስገባም። ግን በ1988 ባወጣችው ሕግ 25 ዓመት የሞላውን ትምረዋለች። ከፋብሪካ ከወጣ 25 ዓመት ከሆነው ኤርባግ የለህ፣ መሪህ የት ነው፣ የሚለው የለም፤ ዘው ነው። ደሴ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሰባ ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ቪዛ በጠየቀ ቁጥር ይከለከላል። «ከአገርህ ጋር የሚያስተሳስርህ ነገር አላሳየህም» ይሉታል። ይህ መኪናስ ከጃፓን ጋር የሚያስተሳስረውን ምን አሳየ? ሚስት አለው? ልጅ አለው? ጤፍ ዘርቶ መጣ?

ቀረጡ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ልጄ ሲያስመጣ የተከፈለው ለሰው መጫኛ መኪና የሚከፈለው ዝቅተኛው ነው፤ ፒክአፕ ቢሆን ኖሮ 25 በመቶ ነበር። ምክንያቱን ሲነግረኝ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓውያን የአሜሪካን ዶሮ በቀረጥ ቢያስወድዱባት፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን አጸፋውን ከውጭ የሚመጣ የጭነት መኪና ላይ ጣለው። የዶሮው ጠብ ተረስቷል፤ የመኪናው ቀረጥ ከነስሙ አለ፤ እስከ ዛሬ «የዶሮ ቀረጥ» ነው የሚሉት። እናቱ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ዶሮዋ ስንት ብትሆን ነው?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስ የሰጣት የለም።

ጃፓኖቹስ ደህና መኪና ለምን ለቀቁ? ሞኝ ሆነው አይደለም። በየሁለት ዓመቱ ሻከን የሚሉት ኪስ የሚያራቁት ምርመራ አለባቸው። በዚያ ላይ የቶኪዮ አስተዳዳሪ የነበሩት ኢሺሃራ ጋዜጠኛ ሰብስበው፣ ጥላሸት የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ እየነቀነቁ በናፍጣ ላይ ዘመቱ። በ2001 የወጣው ሕግ ደግሞ በትልልቆቹ ከተሞች ዙሪያ ጭሱ የበዛ የድሮ ናፍጣ መኪና እንዳይመዘገብ አደረገ። እነሱ «አስወግዱልን» ያሉትን የኔው ልጅ በመርከብ አስጭኖ፣ ሰም ቀብቶ፣ ፎቶ አነሣው።

መጀመሪያ የቆመው እሱ ደጅ ነበር። የመንደሩ ማኅበር ደብዳቤ ጻፈበት፤ ጎማው የተፈታ መኪና ደጅ ላይ ማቆም ክልክል ነው ተባለ። ስለዚህ የት መጣ? እኔ ደጅ። የኔ ሰፈር ማኅበር የለውም፤ ያለው እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ የሚሰማኝ የለም።

ገና ያልፈታታው ጊዜ አንድ ቀን «ና እስቲ ዞር ዞር እንበል» ብሎ ወሰደኝ። እኔ በግራ ተቀመጥኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ መሪ የጨበጥኩበት ጎን ነው፣ አሁን ግን ፊቴ ምንም የለም። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆምን። መነጽሬን አድርጌ፣ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን መጽሔት ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ መኪናው ሄደ፣ እኔ ገጽ ገለበጥኩ። ከጎናችን የነበረች ሴትዮ አየችኝ። ጡሩምባዋን ነፋች፤ አፏን ከፍታ ሁለት እጇን አየር ላይ እያጠማዘዘች መሪ ያዝ ትለኛለች። እኔም ባርኔጣዬን አነሣሁላት። ሌላ ምን ላድርግ? ሃምበርገር በመስኮት ሲገዛማ ገንዘብ አቀባዩም፣ ምግብ ተቀባዩም እኔ ሆንኩ። ሽማግሌ አባቱን ወያላ አደረገኝ።

ደግሞ ውስጡ ሴት አለች። ቁልፉን ሲያዞር አንዲት ሴት በጃፓንኛ፣ እጅግ በትሕትና፣ አንድ ነገር ትናገራለች። ኋላ ተጠንቶ ሲታወቅ የፈጣን መንገድ ክፍያ የምትቆርጥ ትንሽ መሣሪያ ናት፤ «ካርድ አልገባም» ነው የምትለው። ካርዱ ከሺህ ማይሎች ማዶ ቀርቷል፤ እሷ ግን ማሳሰቧን አልተወችም። እናቱ ሰላምታ ይመስላታል፤ መኪናው በተነሣ ቁጥር «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?» ትላታለች። ልጁ ሊነቅላት ነበር፣ እናቱ ከለከለችው። «ሰው አገር ብቻዋን» አለች።

ወደ ጥገናው እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ያቃጠለኝ። የተገዛው በፎቶ ነው፤ በፎቶ ደግሞ ያበራል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ካርቶን አንጥፌ ከሥሩ ገባሁ። የኋላውን ጎማ ቅስት በካቻቢቴ ጫፍ ቆርቆር ባደርገው እስከ እጀታው ሰመጠ። በረዶ አገር ነው የኖረው ማለት ነው፤ መንገዱ ላይ ጨው ይነሰንሳሉ፣ ጨው ላሜራ ይበላል፣ ቀለሙ ብቻ ባዶውን ቆሞ ይቀራል። የመስታወቱ ዙሪያም እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። ወሎ ላይ መኪና በአቧራ ሲሞት አይቻለሁ፤ በዝገት ሲሞት ግን አላየሁም። «ይቆረጥና አዲስ ላሜራ ይበየድ፣ ስቱኮ እንዳትለጥፍበት» አልኩ። ስልኩን አውጥቶ አንድ አውስትራሊያዊ ምን እንደሚል አየ። አውስትራሊያዊው ቃል በቃል እኔ ያልኩትን አለ። «አየህ አባዬ፣ መቆረጥ አለበት» አለኝ፤ ገና አሁን እንደ ሰማሁት።

የፊት እግሩ ተፈታ። ይህ መኪና ፊቱም ድፍን አክሰል ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ሉል ቤት ውስጥ ጎማው እየተጠማዘዘም ኃይል የሚያስተላልፈው መጋጠሚያ በግሪስ ታሽጎ ይቀመጣል። የውስጡ ጎሚኒ ሲያረጅ የዲፍሬንሻሉ ዘይት ሾልኮ ይገባና ከግሪሱ ጋር ይለወሳል። ከፈትነው። ያልተማታ አብሽ መስሎ፣ ጥቁር ሆኖ፣ እየተጎተተ ወረደ፤ ሽታውማ አይነሣ። ልጄ ጓንት አድርጎ፣ መነጽር አድርጎ፣ በወረቀት ፎጣ በጣቱ ጫፍ ይጠርጋል። እኔ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። እናቱ ያን ቀን እጄን እስክታጠብ በጓሮ በር ብቻ ግባ አለችኝ፤ ታጥቤም አላመነችኝም።

ሞተሩ ግን ሞተር ነው፤ ሐሰት አልናገርም። የዚህ ዓይነቱ ሞተር የቢየላ ብሮንዚኑ ሳይጮህ በፊት ቢለወጥ ይሻላል ይባላል፤ ከሥር ካርተሩን አውርዶ የሚደረስበት ነው። ልጄ አዲሱን ብሮንዚን ገጥሞ ክፍተቱን የለካበትን መንገድ ስሙት፤ ከፀጉር የማይወፍር የፕላስቲክ ክር ቆርጦ መሃል አደረገ፣ ቡሎኑን በቁልፉ ላይ በተጻፈው ልክ አጠበቀ፣ መልሶ ፈታ፣ የተጨፈለቀውን ክር ስፋት በወረቀት መስፈሪያ አየ። ለአንዱ ይህን ያህል፤ ስድስት ናቸው። እኛ ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፈን እጀታውን ጆሯችን ላይ እናደርግ ነበር፤ የታመመው ራሱ ይናገራል። እሱ ክሩን ሲለካ እኔ ሁለት ጊዜ ቡና ጠጣሁ። ደህና ሆኖ ወጣ። እንዳትነግሩት።

ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት አለች። መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ትበራለች፤ የታይሚንግ ቺንጋው ይለወጥ ማለቷ ነው፤ ችላ ተብሎ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። እቃው ከአውስትራሊያ እስኪመጣ ሳምንታት ጠበቅን። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ቢሆን ከምሳ በፊት ይገኛል፤ ሻጩም ለሻይ ይጋብዝሃል፣ እግረ መንገዱንም የሌላ መኪና ስፖኪዮ ይሸጥልሃል።

ከዚያ ቤት መሥራት ተጀመረ። የኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው የኔ ቤዝመንት ገቡ፤ ልብሴን የማስቀምጥበትን ጥግ ይዘዋል። በወንበሩ ቦታ የኮምፔንሳቶ አልጋ፣ ከሥሩ የሚሳብ መሳቢያ፣ ፍሪጅ፣ ባለ ፔዳል የውሃ ፓምፕ። ሞተሪኖው ቀድሞውኑ በ24 ቮልት የሚነሣ፣ ሌላው ሁሉ በ12 የሚሠራ መኪና ነው፤ ሁለት ባትሪ ነበረው፣ ሦስተኛ ሊቲየም ተጨመረ። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ፓኔል፣ ከፓኔሉ አጠገብ የስታርሊንክ ሳህን። ሳህኑ ለምንድን ነው? ለስብሰባ። ከሥራ ለመሸሽ ነው የምሄደው ያለኝ ሰው ሥራው የትም እንዳይጠፋበት ጣሪያው ላይ አስሮት ይሄዳል።

ድንኳንም አለው፤ እሱም ጣሪያ ላይ ነው። በመሰላል ነው የሚወጣው። በኛ ጊዜ ጣሪያ ላይ የሚያድረው ረዳት ነበር፤ እሱም ዕቃ ሊጠብቅ እንጂ ወዶ አይደለም፤ ሹፌር ሲሆን የመጀመሪያ ደስታው ከዚያ መውረዱ ነው። «ሌሊት ሽንት ቢመጣብህስ?» አልኩት። «እወርዳለሁ።» «ወርደህስ?» ከመሳቢያ አንዲት ትንሽ አካፋ አወጣ። ቲታኒየም ናት አለኝ። አነሣኋት፣ ላባ አታህልም። ኮረም የነበረን አካፋ ከባድ ብረት ነበር፣ በነጻ ነው የተሰጠን፣ ለዚያው ጉዳይ በሚገባ ሠርቷል።

በአንድ ነገር ግን አልቀልድም፤ በጭነት። ባዶውን ከሁለት ቶን በላይ የሆነ መኪና ነው። ድንኳን ላይ፣ ፓኔል ላይ፣ ትርፍ ጎማ ላይ፣ የነዳጅ ጀሪካን ላይ! ከአላማጣ ኮረም የሚያወጣውን ኩርባ የነዳ ሰው ሌላ አስተማሪ አያሻውም፤ ክብደት ከላይ ሲሆን መሪ ታዞራለህ፣ መኪናው ግን ጥቂት ቆይቶ ነው የሚሰማህ፤ ያቺ ጥቂት ናት ገደል የምትከተው። ስንት የእህል መኪና እዚያ ሸለቆ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ አይቻለሁ። «ጀሪካኑና ጎማው ይውረዱ» ስል ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። ስልኩን ሊያወጣ ኪሱ ገባ፣ ፊቴን አየ፣ ተወው። ወረዱ።

መንገዱስ ወዴት ነው? ከአላስካ ጫፍ ከፕሩዶ ቤይ ተነሥቶ አርጀንቲና፣ ኡሽዋያ፤ ወደ 30,000 ኪሎ ሜትር። መሃል ላይ ግን መንገዱ ይቋረጣል፤ ፓናማና ኮሎምቢያ መካከል ዳሪየን የሚባል ጫካ አለ፣ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ መኪና የማያልፍበት። «ምን ታደርጋለህ?» ስለው ከኮሎን ወደ ካርታሄና በኮንቴነር አስጭኜ እኔ በአውሮፕላን አለኝ። ዝም አልኩ። ያንን ጫካ የኛ ልጆች በእግራቸው አቋርጠውታል፤ ከታች ወደ ላይ፣ ወንዝ ለወንዝ፣ ጭቃ ለጭቃ፣ ልጅ አዝለው፣ ደላላ ከፍለው፤ እዚህ ለመድረስ፣ እኔ የተቀመጥኩባት ቦታ ለመቀመጥ። አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ምእመን ነው፤ ስለ ዳሪየን ሲጠየቅ ወሬ ይቀይራል። የኔ ልጅ ደግሞ በዚያው በኩል ለሽርሽር ሊወርድ ነው። ይህን ነገርኩት። እሱም ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ ልቅር?» አለኝ። እኔ ቅር አልኩ? ዕወቅ ነው ያልኩት!

ከማን ጋር ልወዳጅ? እናቱ ከድታኛለች። ለመስኮቶቹ መጋረጃ የሰፋች እሷ ናት፤ ጠርዙ ላይ ጥለት አድርጋበታለች። ቶዮታ ላይ ጥለት! በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ኮሰረቱን በየብልቃጡ ሞልታ መሳቢያውን ይዛበታለች። አንድ እሑድ «ቡና ካልተፈላበት ቤት አይባልም» ብላ ከሰሉን አያይዛ፣ ጀበናውን ይዛ፣ እጣኑን ጨምራ ገባች፤ ብርድ ነውና በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ልጄ ለማሞቂያው ብሎ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሰቅሏል። ጮኸ። ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ልጄ ሮጦ በሩን በረገደና ከሰሉንም እናቱንም አወጣ። በጭሱ መሃል እሷ ምን ትላለች? «እጣኑ እኮ የደህናው ነው፣ ምን ሆነ?» ከሰል በተዘጋ ቦታ ሰው እንደሚገድል አገር ቤት የማያውቅ የለም፤ እሷም ታውቃለች፤ መኪና ቤት ነው ሲባል ግን አመነች። አሁን ቡናው ውጭ በጋዝ ነው የሚፈላው፤ እጣኑ ቀርቷል፤ የረከቦቱ ጉዳይ በድርድር ላይ ነው።

እስከ የሎስቶን እሷም አብራው ትሄዳለች አሉ። «አንተስ?» ትለኛለች። እኔ በግራ ተቀምጬ መጽሔት ላነብ? ደግሞ ይህ ልጅ ቁልቁለት ላይ በፍሬን እንጂ በማርሽ መውረድ አያውቅም። ኦቶማቲክ ነው ይለኛል፤ ኦቶማቲክም ቢሆን ዝቅ የሚያደርጉበት አለው። ነገርኩት። አንድ ቀን ታሳየኛለህ እንጂ በአፍ አይሆንም አለ፣ አፉን ሞልቶ።

የሚነሡት ከፋሲካ በኋላ ነው። የቀኝ የፊት እግሩ ዘይት እያስታወከ ነው ብያለሁ። «እርጥበት ነው አባዬ፣ ትናንት አጥበነዋል» ይላል። እርጥበት ዘይት ዘይት አይሸትም። ከገጠምነው ጎሚኒ አንዱ ተጣሞ ገብቷል፣ ያም እሱ ስልክ እያወራ የገጠመው ነው። ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ አድርጌ፣ በእስክሪብቶ ቀኑን ጽፌበታለሁ፤ ነገ ጠዋት ስብሰባው ሳይጀምር ጠርቼ አሳየዋለሁ።